ጎርፍ የቀበሌ ወሰን አያውቅም

በራዲዮ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር



እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። ሙያዬን የተማርኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። የማስተምረው እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ እንደ እናንተ ያሉ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መሬትና ስለ ውኃ ነው። ብዙ ቀበሌዎች መሬታቸውን በአንድነት አቅደው ቢጠቀሙበት ምን ያገኛሉ? ለየብቻቸው ቢያቅዱስ ምን ይደርስባቸዋል? ይህን አንድ በአንድ እናያለን።

«ይኼ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ያገባናል እንጂ! ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚመጣው ወደ መሐንዲሱ ቢሮ አይደለም፤ ወደ እኛ ጓሮ ነው። እንግዲህ እርሳስ ያላችሁ እርሳሳችሁን ያዙ። በመጨረሻ አዳዲስ ቃላትና የመወያያ ጥያቄዎች አሉኝ።

ተፋሰስ ምንድን ነው?

ሁለት እጆቻችሁን ውኃ ለመጠጣት እንደምታደርጉት አገጣጥሙ። አሁን አንድ ሰው በጣቶቻችሁ ጫፍ ላይ ውኃ ቢያፈስ፣ ውኃው የት ይሄዳል? ወደ መዳፋችሁ ይወርዳል። በቀኝ እጅ ጣት ላይ ቢፈስም፣ በግራ እጅ ጣት ላይ ቢፈስም፣ መጨረሻው መዳፍ ነው።

ተፋሰስ ማለት እንዲህ ያለ መሬት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ከዙሪያው ተራራና ኮረብታ ወርዶ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ይህ ውኃ የሚሰበሰብበት ክልል በሙሉ ተፋሰስ ይባላል። ጣቶቹ ተራሮቹ ናቸው። መዳፉ ሐይቁ ነው።

የእኛ መዳፍ የሐዋሳ ሐይቅ ነው። ጣቶቹስ የት ናቸው? በስተምሥራቅ የወንዶ ገነት ተራሮች አሉ። ከእነዚያ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች መጀመሪያ ወደ ጨለለቃ ረግረግ ይገባሉ። ከጨለለቃ የሚወጣው የጥቁር ውኃ ወንዝ ደግሞ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ይኸው ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ከሌላው አቅጣጫ የሚመጣው በዝናብ ወራት የሚወርድ ጎርፍ ነው። ከሐዋሳ ዙሪያ ይመጣል። ከቦርቻና ከሸበዲኖ ወገን ይመጣል። ከሻሸመኔም ወገን ይመጣል። ከራሷ ከከተማይቱ መንገድና ጣራም ይመጣል።

አሁን አንድ ትልቅ ነገር ልብ በሉ። ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ አለ፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ጎርፍ ያመጣው አፈር እዚያው ይቀራል። ጎርፍ ያመጣው ላስቲክና ቆሻሻም እዚያው ይቀራል። አፈሩ ከሥር ሲቆለል ውኃው ምን ያደርጋል? ወደ ጎን ይገፋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው ስለገፋ፣ በዳርቻው የአፈር ግድብ መሥራት አስፈልጎ ነበር። ዕድሜያችሁ የደረሰ የሐዋሳ ሰዎች ይህን ታስታውሳላችሁ።

የጨለለቃን ነገርም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ከ50 ዓመት በፊት ጨለለቃ ሐይቅ ነበር። ከላይ የታጠበው አፈር እየሞላው ሄደ። ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። ከተራራው የሚወርደውን አፈር መጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ነው። እርሱ ሲሞላ አፈሩ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም።

የሐረርጌውን የሐሮማያ ሐይቅም እናስታውስ። የሐረር ከተማ ከሐሮማያ ሐይቅ ውኃ ትጠጣ ነበር። ገበሬውም በዚያው ውኃ ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር። ሁሉም ለየራሱ ይቀዳ ነበር። ከዙሪያው ኮረብታ ደግሞ አፈር ይገባ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ሐይቁ ደረቀ። ሐረርም ውኃ ከሩቅ ቦታ ማምጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት የአካባቢው ሕዝብ በኮረብታው ላይ የአፈርና የውኃ ጥበቃ ሥራ ሠርቷል፤ ዝናብም አግዞታል፤ ውኃውም ተመልሶ ታይቷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሐይቅ ይደርቃል። ሰው ከተባበረ ደግሞ ተስፋ አለ።

የሦስት ቀበሌዎች ምሳሌ

አሁን ምሳሌ ልስጣችሁ። የላይ ቀበሌ፣ የመካከል ቀበሌና የታች ቀበሌ አሉ እንበል። ስም የለኝም፤ ምሳሌ ናቸው።

የላይ ቀበሌ ሰዎች ተሰበሰቡ። «ወጣቶቻችን መሬት የላቸውም። ዳገቱን መንጥረን በቆሎ ይዝሩበት» ብለው ወሰኑ። በቃለ ጉባኤ ጻፉት። ለወጣት ማሰብ መልካም ነው።

የመካከል ቀበሌ ሰዎችም ተሰበሰቡ። «ከወንዙ ቦይ እንጥለፍ፤ ጎመን፣ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት እናልማ» ብለው ወሰኑ። ይህም መልካም ነው።

የታች ቀበሌ ያለው ከተማ ውስጥ ነው። የታች ቀበሌ ሰዎች «ለልጆቻችን ትምህርት ቤት እንሥራ» አሉ። ባዶ ቦታ ያገኙት በወንዙ አጠገብ ነው። እዚያው ሠሩ። ለልጅ ማሰብ ክፉ ነው የሚል ማን አለ?

ሐምሌ መጣ። ዘነበ። በዳገቱ ላይ ውኃውን የሚይዝ ዛፍ የለም፤ ሣርም የለም። ጎርፉ የላዩን አፈር ይዞ ወረደ። የመካከሉን ቦይ ደለል ሞላው። ሽንኩርቱ ተቀበረ። የመካከል ሰዎች ተናደዱና ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ ቆፈሩ። ጎርፉን ከራሳቸው ማሳ አራቁት። ወዴት ላኩት? ወደ ታች ቀበሌ! ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጭቃ ገባ።

ከሦስቱ ሰነፉ ማን ነው? ሰነፍ የለም። ሦስቱም አቅደዋል፤ ሦስቱም ሠርተዋል። ያቀዱት ግን ለየብቻ ነው። የአንዱ ቀበሌ ዕቅድ ለሌላው ቀበሌ ጎርፍ ሆነ።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። በአንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በአንድ ሄክታር ላይ 300,000 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ስንለካው 15,000 ጀሪካን ይሆናል። 15,000 ጀሪካን ውኃ በአንድ ቀን ዳገት ላይ ሲደፋ አስቡት! መሬቱ ካላሰረገው ይዞት የሚሄደው አፈር ነው።

አፈሩንም እንመዝን። ከአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ከሳንቲም ውፍረት ያንሳል፤ ዓይን አያየውም። ክብደቱ ግን ከ10,000 ኪሎ ያላነሰ ነው። አንድ አህያ 50 ኪሎ ብትጭን፣ ይህን አፈር ለመሸከም 200 አህያ ያስፈልጋል። የላይ ቀበሌ ገበሬ «መሬቴ ፍሬ አልሰጥ አለኝ» ሲል ምክንያቱ አንዱ ይኸው ነው። 200 አህያ ሙሉ አፈር ሳያየው ሄዶበታል። ጎርፉ የሚጎዳው ታችኛውን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የላይኛውንም ድኻ ያደርገዋል።

ወሰኑ ከየት መጣ?

ቀበሌ የሚባለው ወሰን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር መሬት እንዲይዝ ተባለ። የዛሬዎቹ የገጠር ቀበሌዎች ብዙዎቹ መሠረታቸው ይኸው ነው። ወሰኑ ለአስተዳደር ይመች ዘንድ የተሠራ ነው። ውኃ በየት እንደሚወርድ ተጠንቶ የተሠመረ አይደለም። ስለዚህ አንድ ኮረብታ ለሁለት ቀበሌ ይከፈላል። አንድ ወንዝ በሦስት ወረዳ ያልፋል። የእኛ ተፋሰስ እንዲያውም ከሁለት ክልሎች ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ በ2012 ዓ.ም. ክልል የሆነው ሲዳማ ነው። ሌላው ኦሮሚያ ነው።

በ1970ዎቹ በአገራችን ብዙ እርከን ተሠርቷል። ገበሬው ለሥራው እህል ይሰጠው ነበር። በብዙ ቦታ ግን የት ይሠራ፣ ምን ይተከል ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ትእዛዝ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በየቦታው እርከኑ ፈረሰ፤ ዛፉም ተቆረጠ። ለምን? ሰው የእኔ ነው አላለውማ! ያልተመከረበት ዕቅድ ጠባቂ የለውም።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ይህን ጉዳይ በጽሑፍ አስቀምጦት ነበር። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ በተፋሰስ ላይ ተመሥርቶ ይዘጋጅ ብሏል። በላይኛውና በታችኛው የተፋሰስ ነዋሪዎች መካከል ፍትሐዊ የውኃ አጠቃቀም ይኑርም ብሏል። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይሆን፣ ለዛፍና ለመኖ እንዲውል ደንግጓል። ተዳፋት 60 በመቶ ማለት ወደ ፊት 10 ሜትር ስትሄዱ ወደ ላይ 6 ሜትር መውጣት ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። አሁን ፊደል ስለለያችሁ፣ የቀበሌያችሁን የመሬት ባለሙያ «አዲሱ አዋጅ ስለ እኛ መሬት ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አስነብቡ፤ እናንተም አንብቡ።

ሰዎች ተባብረው ያውቃሉ ወይ?

ያውቃሉ። ወደ አማራ ክልል፣ ወደ ሰሜን ሸዋ እንሂድ። በመንዝ ደጋ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር መሬት አለ። ስሙ ከሣሩ ስም የመጣ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። በዚያ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ።

በዙሪያው ያሉት የብዙ አጥቢያ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህን መሬት በአንድ ደንብ ይጠብቁት ነበር። ደንቡ የቄሮ ሥርዓት ይባል ነበር። አንዱ ወገን አስቦ፣ ሌላው ወገን ጌራ ይባላል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ እንዲያድግ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት። ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈታል። ሁሉም ገብቶ ያጭዳል። ቀድሞ የገባ ይቀጣል።

ይህ ሥርዓት ከርስት ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ በ1967ቱ አዋጅ ምክንያት ቀረ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ተጎዳ። የአካባቢው ሰዎች ግን ዝም አላሉም። በኋላ ከየቀበሌው ሰው መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው፣ እንደ ገና በጋራ መጠበቅ ጀመሩ። አስተውሉ! የቀድሞው ደንብ በቃል ነበር። ያሁኑ በጽሑፍ ነው።

በእኛም አካባቢ ጥሩ ልማድ አለ። በሲዳማ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሸንጎ ሶንጎ ይባላል። በሶንጎ ነገር የሚጀመረው «አፊኒ?» ተብሎ ነው። «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ሳይሰሙ መፍረድ፣ ሳያሰሙ መወሰን ነውር ነው። እንግዲህ የላይ ቀበሌ ዳገቱን ከመመንጠሩ በፊት ለታች ቀበሌ «አፊኒ?» ቢል ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ባልገባ ነበር።

ሸክሙን ማን ይሸከም?

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደረስን። «በጋራ እናቅድ» ማለት ቀላል ነው። ሲቀመጡ ግን ነገሩ ይከራል። እስቲ የላይ ቀበሌው አዛውንት ከመካከል ቀበሌዋ ሴት ጋር ሲነጋገሩ እንስማ።

«አባባ፣ ባለፈው ሐምሌ የመጣው ጎርፍ ሽንኩርቴን ቀበረው። ዳገቱን ባታርሱት ምን ነበረበት?»

«ልጄ፣ እኔስ ጎርፍ ልላክብሽ ብዬ ነው? አራት ልጆች አሉኝ። ያለኝ ያ ዳገት ነው። አትረስ ካላችሁኝ በምን ላብላቸው?»

ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው። የብዙ ቀበሌ ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያለው ሰው ማረሱን ሲተው፣ ጥቅሙን ቶሎ የሚያየው ከታች ያለው ነው። የላዩ ይከስራል፤ የታቹ ያተርፋል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ሁለት ክረምት አይቆይም።

ስለዚህ ከታች ያለው ለላዩ መካስ አለበት። ገንዘብ ብቻ አይምሰላችሁ። የመካከልና የታች ቀበሌ ሰዎች በጥርና በየካቲት ወደ ላይ ወጥተው እርከን በመሥራት ይርዱ። ዳገቱ ከከብት ንክኪ ሲከለል ሣሩ ያድጋል። ያን ሣር እያጨዱ ለከብት መመገብና መሸጥ ለላይ ቀበሌ ወጣቶች ይሰጥ። አበባ ሲኖር ንብ ይኖራል፤ ቀፎ ይሰቀል። አነስ ያለው ተዳፋት ላይ ቡናና እንሰት፣ አቮካዶም ይተከል። የእነዚህ ሥር አፈር ይይዛል፤ ፍሬያቸው ደግሞ ቤት ያበላል። በመስኖ የሚያለሙት የመካከል ሰዎች ከሚያገኙት ላይ ትንሽ አዋጥተው ለችግኝ መግዣ ያውሉ። ይህ ምጽዋት አይደለም። ያልመጣ ጎርፍ ዋጋ ነው።

ከተማውም ከዚህ አያመልጥም። ሐዋሳ በየዓመቱ ትሰፋለች። ትናንት እንሰትና በቆሎ የነበረው ዛሬ ቤትና መንገድ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቋል። ሥራ መጥቷል፤ ሰውም በዝቷል። ጣራና አስፋልት ሲበዛ ግን ወደ መሬት የሚሰርገው ውኃ ያንሳል፤ ወደ ቦይ የሚሮጠው ይበዛል። እኛ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ላስቲክና የገበያ ቆሻሻ እንጥላለን። የተደፈነ ቦይ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። በከተማው ዳር ያለው ገበሬ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለበት። «ከተማው ነገ ወደ ማሳዬ ይመጣል፤ ዛሬ ለምን እርከን እሠራለሁ? ለምን ቡና እተክላለሁ?» ይላል። ከተማው በየት በኩል እንደሚሰፋ፣ በየት በኩል እንደማይሰፋ በዕቅድ ተወስኖ ቢነገረው ግን ገበሬው ይረጋጋል። ረግረጉና የወንዙ ዳር አይነካም ከተባለ፣ ያልተነካ ይቅር።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቅ ፕላን ሳይጸድቅ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይላል። ስብሰባ ስትጠሩ አትቅሩ። ከተማውና የዙሪያው ቀበሌ በአንድ አዳራሽ ይቀመጡ። ሁለቱ ፕላኖች ካልተናበቡ፣ የአንዱ የቤት መሥሪያ ቦታ የሌላው የጎርፍ መውረጃ ሆኖ ይገኛል።

ሥራው እንዴት ይጀመራል?

አንደኛ፦ በቀበሌ ወሰን ሳይሆን በውኃው መንገድ ጀምሩ። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ፣ ለሕዝብ ሥራ የሚመቸው ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚደርስ ትንሽ ተፋሰስ ነው ይላል። በአንዲት ትንሽ ጅረት ዙሪያ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ ይሰብሰቡ። ጅረቷን የሚጋሩት ቀበሌዎች ሁሉ ይጠሩ።

ሁለተኛ፦ በእግር ሂዱ። ከላይ እስከ ታች አብራችሁ ተጓዙ። የታች ሰው ዳገቱን ይየው። የላይ ሰው ደለሉን ይየው። ሽማግሌ፣ ሴቶች፣ ወጣቶችና እረኞች ይኑሩ። ውኃ የምትቀዳ ሴት ምንጩ የደከመበትን ዓመት ታውቃለች። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቦረቦሩ የት እንደጀመረ ያውቃል።

ሦስተኛ፦ ካርታ ሥሩ። መሬት ላይ በዱላ ሣሉት። ድንጋይ ቤት ይሁን፤ ቅጠል ደን ይሁን፤ አመድ መንገድ ይሁን። ሁሉም ከተስማማበት በኋላ ወደ ወረቀት አዙሩት። ለእርሻ፣ ለግጦሽ፣ ለደን፣ ለቤት፣ ለጎርፍ መውረጃ የሚሆነውን ለዩ።

አራተኛ፦ ሥራውን ከራስጌ ወደ ግርጌ ሥሩ። መጀመሪያ ተራራው ላይ፣ ቀጥሎ ተዳፋቱ ላይ፣ በመጨረሻ ቦረቦሩ ውስጥ። ከታች የተሠራ ክትር ከላይ ጎርፍ እየመጣበት አይቆምም። አባቶች «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

አምስተኛ፦ ከየቀበሌው እኩል ሰው የሚወከልበት ኮሚቴ አቋቁሙ። ሴቶች ይኑሩበት። ማን ምን እንደሚሰጥ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ በደንብ ጻፉ። ጉዳዩ ከወረዳ ወይም ከክልል ሲያልፍ፣ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቅርቡት። ኮሚቴው በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እንደ ገና በእግር ይሂድ። የቆመው ምንድን ነው? የፈረሰውስ?

ፊደል ለዚህ ምን ይጠቅማል?

አንዳንዶቻችሁ «መምህር፣ ይኼ ሁሉ ከፊደል ጋር ምን አገናኘው?» ትላላችሁ። ብዙ ያገናኘዋል።

የጋራ ዕቅድ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው። ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ካርታ ይሠራል። ደንብ ይረቀቃል። ማንበብ የማይችል ሰው የሰማውን አምኖ አውራ ጣቱን ያትማል። ማንበብ የሚችል ግን «ቆዩ፤ እዚህ ላይ የተባለው 3 ሄክታር ነው፤ የተጻፈው ግን 5 ነው» ይላል። አንዲት ቁጥር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ናት።

የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን አውጡና ተመልከቱ። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል ወይ? ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነ የሁለቱም ስም አለ ወይ? አዋሳኞቻችሁ እነማን ተብለው ተመዝግበዋል? ስፋቱ ስንት ይላል? እህቶቼ፣ ይህን ደብተር ሳጥን ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት። አንብቡት። የጋራ ካርታ ሲሠራ የእናንተ ማሳ በየትኛው ቀለም እንደገባ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ንግግር ስታነቡ ጣታችሁን ከቃል ወደ ቃል እያስኬዳችሁ ከሆነ አትፈሩ። እርከንም የሚሠራው ድንጋይ በድንጋይ ነው። ማንበብ የሚችሉ ሰዎች በሦስቱም ቀበሌ ሲኖሩ፣ አንድ ወረቀት ለሦስቱም አንድ ነገር ይናገራል። ወሬ ሲዘዋወር ይለወጣል። ጽሑፍ ግን ያው ነው። የላይና የታች ሰው እንዲተማመን የሚያደርገው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

አድማጮች ሆይ፣ ከአሞራ ገደል የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ፣ በወንዶ ገነት ዳገት ላይ በተሠራው እርከንም ይኖራል። በታቦር ሥር ያለው ልጅ በደረቅ ክፍል ውስጥ የሚማረው፣ ከላይ ያለው አባት ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ መንገድ ሲያገኝ ነው። የሚመጣው ክረምት ሳይደርስ፣ ከእናንተ በላይ ካለውና ከእናንተ በታች ካለው ቀበሌ አንዳንድ ሰው ጥሩ። ቡና ይፈላ። ዕቅዳችሁን ዘርግታችሁ አብራችሁ አንብቡት።

አዳዲስ ቃላት

ተፋሰስ፦ ውኃው ወደ አንድ ቦታ የሚሰበሰብ የመሬት ክልል።
ተዳፋት፦ ወደ ታች ያዘነበለ መሬት።
ደለል፦ ጎርፍ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈር።
ክትር፦ ቦረቦር ውስጥ ጎርፍ እንዲበርድ የሚሠራ የድንጋይ ወይም የእንጨት አጥር።
ቃለ ጉባኤ፦ በስብሰባ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ቀበሌ የሚያልፈው ጎርፍ ከየት ይነሣል? ወዴትስ ይሄዳል?
2. ቀበሌያችሁ የላይ ነው፣ የመካከል ነው ወይስ የታች?
3. ከላያችሁ ያለው ገበሬ ዳገቱን ማረስ ቢተው፣ እናንተ ምን ትሰጡታላችሁ?
4. በ2 ሄክታር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ስንት ሊትር ውኃ ይሆናል? በ20 ሊትር ጀሪካንስ ስንት ይሆናል?
5. ከሦስቱ ቀበሌዎች ለአንዱ ደብዳቤ ጻፉ። በሦስት ዓረፍተ ነገር ለጋራ ስብሰባ ጥሩት።